እታለምን የሳሏት ሰዓሊዎች

የልጆች መጽሐፍ የጻፈ ሰው መጽሐፉን የጨረሰ ይመስለዋል። የታለ የጨረሰው! እኔ «ግመሉ ገበያው መካከል ተንበረከከ» ብዬ አራት ነጥቤን ሳኖር ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሰዓሊ የሚባል ፍጡር ይመጣና መጠየቅ ይጀምራል። ግመሉ ፊቱን ወዴት ነው ያዞረው? ጭነት አለው ወይስ ባዶውን ነው? ጥላው የወደቀው በየት በኩል ነው? ሴትዮዋ ቆማለች ወይስ ተቀምጣለች? እኔ በምን አውቄ! ጻፍሁ አልሁ እንጂ አየሁ መቼ ወጣኝ? ይኸን ጊዜ ነው እንግዲህ፣ ደራሲ ነኝ ባይ ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ መልክ የሌላቸውን ሰዎች በባዶ ሜዳ ሲያመላልስ እንደኖረ የሚገባው።

ቆቦ ላይ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሚያነቡት ተረት ሁሉ ስለማያውቁት ጫካና ስለማያውቁት አንበሳ ሆኖ ሲያስቸግረኝ፣ የሚያውቁትን ነገር ልጻፍላቸው ብዬ ተነሣሁ። የሚያውቁት ግመል ነው፤ ገበያ ነው፤ እታለም ናት።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ዘውዴ ናት። ቆቦ ገበያ ውስጥ ማሽላና ጤፍ ትሸጣለች። አንድ የገበያ ቀን ከአፋር በኩል የመጣ ግመል፣ ያን ሁሉ ሜዳ ትቶ፣ እታለም ጆንያ ፊት መጥቶ ተንበረከከ። አልነሣም አለ። ባለቤቱ ለመነው፤ ጎተተው፤ ደላሎች ከኋላ ገፉት፤ አንድ ቄስ በዚያ ሲያልፉ ተጠርተው ምን ላድርገው ብለው ሄዱ። ገዢው ሁሉ ከሩቅ ቆሞ ግመሉን ያያል እንጂ ማሽላዋን የሚያይ ጠፋ። እታለም መጀመሪያ ሰደበችው፤ ቀጥላ መከረችው፤ ከሰዓት በኋላማ ችግሯን ታጫውተው ነበር ይባላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግመሉ ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ ሄደ። ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ምንም አልጨመርሁበትም ማለት ባልችልም ብዙ አልጨመርሁበትም።

እታለም ስትሰማ ደስ አላት። ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። ስሜን ከጻፍህ ፊቴንም አሥለው፤ ሌላ ሴት አምጥተህ ዘውዴ ናት ያልህ እንደሆነ እኔና አንተ ተቆራረጥን፤ አለችኝ። እሷ ደግሞ ስትቆራረጥ ለመታረቅ ሽማግሌ ብቻ አይበቃም፤ ዕድሜም ያስፈልጋል።

በዚህ ምክንያት ነው ሰዓሊ ፍለጋ የወጣሁት። ወጣሁ ስል በስልክ ነው። ልጅ ሆኜ ሰዓሊ ማለት የመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ያችኑ ልጅ ያንኑ ኳስ አስይዞ በየዓመቱ የሚያሳየን፣ ስሙ የማይጻፍ አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካስ አገሩ በሰዓሊ ተሞልቷል! ስልኬ ውስጥ ገብቼ ቀረሁ። አንዱ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳያነሣ በአንድ መስመር ሰውዬውንም፣ በሬውንም፣ ማሳውንም ይጨርሳል። አንዷ አሮጌ ነጠላና የማዳበሪያ ጆንያ እየቀደደች ትለጥፍና ዝናብ ታዘንባለች። አንዱ ሁሉን ነገር ሰማያዊ ይቀባል፤ ላሟ ሰማያዊ፣ ሣሩ ሰማያዊ፣ የታለበው ወተትም ያው ነው። እያንዳንዱ የራሱ እጅ አለው፤ ስሙን ባያዩት እንኳን ይኸማ የእገሌ ነው ይላሉ። እኔም ባንዴ አዋቂ ሆንሁና መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻያቸውን በሰላም የሚጠጡትን ሰዎች «መስመሯን ተመልከቱልኝ» እያልሁ አማረርኋቸው። የሒሳብ መምህሩ እኔ ስገባ መውጣት ጀምሮ ነበር።

መጀመሪያ የተስማማሁት አዲስ አበባ ከሚኖር ናሆም ከሚባል ወጣት ጋር ነው። በጣም የምወደው አሣሣል አለው። ሰዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ልብሳቸው ነፋስ ያለበት ይመስላል። የእታለምን ፎቶ ላክሁለት። ከሳምንት በኋላ የላከልኝ ሥዕል ግሩም ነበር፤ ግመሉ እንደ ተራራ ተጋድሟል፤ ጆንያዎቹ አሉ፤ የእታለም ሻሽ ቀለሙ እንኳን አልተሳሳተም። ፊት ብቻ የላትም። ከሻሿ በታችና ከአንገቷ በላይ ያለው ቦታ ጠይም ሆኖ ባዶውን ቀርቷል። ደወልሁለት። ሊጨርሰው የረሳ መስሎኝ በትሕትና ነው የጠየቅሁት። እሱም በትሕትና፣ እኔ ፊት አልስልም፣ ፊት ካለ ሰው ሌላውን ነገር አያይም፣ አሣሣሌ ይኸ ነው አለኝ። ነገሩ አሳመነኝ። እኔ ሰዓሊ ሲናገር የማላምነው ነገር የለም።

እታለም ግን ስልኩን ተቀብላ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አመላለሰች፤ አቧራ የሸፈነው መስሏት ነው። ሲገባት ቀና ብላ አየችኝና፣ ምን ብበድለው ነው ፊቴን የከለከለኝ አለች። አሣሣሉ ነው አልኋት። አሣሣሉ ከሆነ ግመሉን ለምን አልከለከለውም? አለችኝ። እውነትም ግመሉ ሙሉ ፊት፣ ሙሉ ከንፈር፣ ሽፋሽፍት ሳይቀር ነበረው።

ሁለተኛው ባሕር ዳር ያለ ሰው ነው፤ እንደ ብራና ሥዕል አድርጎ ይስላል፤ ዓይኑን ጎላ፣ አንገቱን ዘንበል። እታለም በጎኗ እየተመለከተች፣ ሁለት ጣቷን አንሥታ፣ ከበስተኋላዋ ወርቃማ ሰማይ ጋር ተሥላ መጣች። ግመሉ ራሱ ጻድቅ መስሏል። እሷ ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ ምን አይታ ነው እንዲህ የደነገጠችው ብላ ጠየቀችኝ። ደግሞም ማሽላ እየሸጡ እንዲህ መታየት ድፍረት ነው፣ ሰው ምን ይለኛል አለች። ይኸም ቀረ።

ተስፋ መቁረጤን ያየው የአይሲቲ መምህራችን፣ ለምን ትለፋለህ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ማሽን ይሥልልሃል አለኝ። የነገርሁትን ጽፎ አስገባለት፤ ማሽኑም ቡናው ሳይቀዘቅዝ ሥሎ ሰጠን። ከቆቦ ገበያ በስተጀርባ በረዶ የለበሰ ተራራና ጥድ በቅሏል። ራያ ሜዳ ላይ በረዶ! በመጋቢት ሙቀት ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ እየተጠጋን የምንሄድ ሰዎች ነን እኮ። እታለም የሃያ ዓመት ሙሽራ ሆና፣ ወርቅ በወርቅ ላይ ደርባ፣ ጥርሷን እንደ ደረደረች ከግመል አጠገብ ቆማለች። ምን ትል ይሆን ብዬ አሳየኋት።

«ይቺስ ቆንጆ ናት» አለች። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች፤ «ማን ናት?»

ለተ የምትባለውን ልጅ ያገኘኋት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም እዚሁ ቆቦ፣ ከትምህርት ቤታችን በታች። ሙሉ ስሟ ለተብርሃን ነው። ቤተሰቦቿ ከደቡብ ትግራይ መጥተው እዚሁ የቆዩ ነጋዴዎች ናቸው፤ አባቷ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። እሷ ሱቁን እየጠበቀች በካርቶን ጀርባ ላይ የሚገባ የሚወጣውን ትሥላለች። እኔ በስልክ አገር ለአገር ስዞር፣ ፍሬን ሸራ እንድገዛለት የላከኝ ባለባጃጅ ጎረቤቴ ነው ከሷ ጋር ያገናኘኝ፤ ይኸን ለማንም አልተናገርሁም። ካርቶኖቹን አየሁ። እርሳስ ብቻ ነው። ጥቂት መስመር ነው። ግን ሰዎቹ ሊናገሩ አፋቸውን የከፈቱ ይመስላሉ። አንዱ ካርቶን ላይ ያለው ሰውዬ የእኛ ርዕሰ መምህር መሆኑን ያወቅሁት በጀርባው ነው፤ ከጀርባው ነበር የሣለችው።

ከፎቶ ሣይልኝ አልኋት። እምቢ አለች። ፎቶ አይንቀሳቀስም፣ ገበያ ወርጄ አያቸዋለሁ አለች። በገበያው ቀን እኔ ክፍል ስለነበረኝ ብቻዋን ነው የሄደችው። ያኔ የሆነውን የምነግራችሁ ለተና ከእታለም አጠገብ የነበሩት ሽንኩርት ሻጭ እንደነገሩኝ ነው።

እታለም የሰዓሊዋን መምጣት እንዳወቀች ሻሿን አስተካክላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደምትነሣ ሰው ደርቃ ተቀመጠች። ለተ ፈንጠር ብላ ጀሪካን ላይ ተቀመጠችና ምንም አልሣለችም። ገዢ መጣ፤ ከእታለም ጋር በስፍሩ ተከራከሩ፤ እታለም ሰዓሊዋን ረሳች። ገዢው ሲሄድ ከወደ ዞብል በኩል የምትጠብቀው ጭነት ነበራትና ብድግ ብላ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጋ ወደ መንገዱ ተመለከተች። ለተ እርሳሷን ያነሣችው ያን ጊዜ ነው።

ጨርሳ ስታሳያት እታለም ወረቀቱን ተቀበለች። ሳቅ ወይ ቁጣ ይመጣል ብለው ሽንኩርት ሻጯ ጠበቁ። ምንም አልመጣም። አንዲት ሴት መጥታ ማሽላው እንዴት ነው ብትል እታለም ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም።

«ይቺን ማን ነገረሽ?» አለች በመጨረሻ፣ ለተን እያየች።

«ማንን?»

«የት አየሻት?»

ለተ ሥዕሉን የጠላችው መስሏት ደነገጠች። «ዋይ አነ! እትዬ፣ ካልወደዱት እቀይረዋለሁ፤ ትንሽ ከዚህ ከግንባሩ ላይ...» ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ እታለም ወረቀቱን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«እንዳትነኪያት!»

ከዚያም የእታለምን ሠላሳ ምናምን ዓመት ገበያ የሚያውቅ ሰው የማያምነውን ነገር አደረገች። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው ገና ሳይበተን፣ ጆንያዎቿን አፋቸውን አሥራ ለሽንኩርት ሻጯ አደራ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከክፍል ወጥቼ ገበያ ስደርስ ቦታዋ ላይ አጣኋትና ወደ ቤቷ ሮጥሁ። ቤቷ ስገባ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነው። አልተቆጣችም። ተቀመጥ አለችኝና ሰጠችኝ። እኔ ያየሁት እታለምን ነው፤ ያውም በትክክል፤ ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ቁርጥ እሷ። እሰይ አልሁ፣ በመጨረሻ አንቺ ሆንሽ አልኋት።

«ደንቆሮ» አለችኝ፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። «እጇን እየው።»

እጇን አየሁት። ግንባሯ ላይ የጋረደችውን እጅ፣ ሰበር ያለውን አንገት፣ በፀሐዩ የጠበበውን ዓይን አየሁ። አጥራችን በር ላይ ቆማ ከትምህርት ቤት የምንመለስበትን መንገድ የምታይ ሴት ናት። እናታችን ናት።

እምዬ ካረፈች ቆይታለች። የነበረችን አንዲት ፎቶ የመታወቂያዋ ነበረች፤ ያችም ሁላችንም ቤታችንን ጥለን በሸሸንበት ሰሞን ከነሳጥኗ ቀረች። ከተመለስን በኋላ ስለ በሩ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ በጉ ሁሉ ተነጋግረናል፤ ስለ ፎቶዋ ግን እኔም እታለምም አንሥተን አናውቅም። እታለም «እኔ እንዲህ አልቆምም እኮ» አለችኝ። አዎ አትቆሚም አልኋት። ውሸቴን ነው፤ እሷም ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የምትቆመው።

ጥቂት ቆይቼ፣ ደራሲ መቼም ሆዱ አይጠረቃም፣ ሥዕሉን ለመጽሐፉ ፎቶ ላንሣው አልሁ። እታለም አፈጠጠችብኝ።

«እምዬን ከግመል ፊት ላስቀምጣት?»

ሥዕሉ መስታወት ተገጥሞለት ግድግዳ ላይ ወጣ። ዘመድ መምጣት ጀመረ፤ ከሮቢትም ከጎብዬም መጡ። ገሚሱ ገና ከደጃፍ ሲያያት አለቀሰ። አጎታችን አያ ካሣዬ ቀረብ ብለው፣ ራቅ ብለው መረመሩና፣ እሷ ናት፣ ነጠላዋን ግን በግራ ነበር የምታጣፋው አሉ። እታለም በቀኝ ነው አለች። በዚህ ምክንያት ምሳ ሳይበሉ ሊሄዱ ሲሉ ለመንናቸው። የሣለቻት ልጅ በሕይወቷ አይታት የማታውቅ መሆኗን ማንንም ትዝ አላለውም። እኔም ላስታውሳቸው አልፈለግሁም።

ወሬው ግን ወጣ። ቆቦ ላይ ሳጥኑ የጠፋበት ሰው እኛ ብቻ አልነበርንማ! የባጃጅ መለዋወጫ ሱቁ በር ላይ ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ቸርኬ ፈላጊው በአንድ በኩል፣ እናቱን ፈላጊው በሌላ በኩል። አንዷ ሴት የአባቷን ጋቢ ለብሳ፣ ከዘራውን ይዛ፣ ኮስተር ብላ መጥታ ተቀመጠች፤ ለተም ሣለቻት፤ ሴትዮዋም አባቷን ወሰደች። አንድ ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ደግሞ አባቱን ፈልጎ ተቀምጦ፣ ሥዕሉ ሲወጣ ከሱ ጋር በመሬት የተካሰሱትን የእናቱን ወንድም ሆኖ አገኘው። ተቆጣ። እኚህን ሰውዬ ቤቴ አላስገባም፣ እንደገና ሣይኝ አለ። ለተ እንደገና ሣለችው። እንደገና አጎቱን ሆነ። እኔ የማየውን ነው የምሥለው ብትለው፣ እንግዲያው በደንብ እዪ አላት።

የለተ አባት መጀመሪያ ላይ ሱቄን ዘጋችብኝ ብሎ ሲያጉረመርም ነበር። አንድ ቀን ስገባ ራሱ ተሣዮቹ የሚቀመጡበት ዱካ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ። እናቱን ነበር የፈለገው። መምሰል አለመምሰሏን አልነገረኝም፤ ካርቶኑን ግን ለማንም ሳያሳይ ወደ ጓዳ ይዞት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሱቁ ሲያጉረመርም የሰማው የለም።

የእኔን መጽሐፍ የሚያስታውስ ከእኔ በቀር አልነበረም። ለተን በጠየቅኋት ቁጥር፣ ቲቸር፣ የሞቱት ይቅደሙ ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ግመል ይቆያል። መጨረሻው ላይ ወደ ናሆም ተመለስሁ። ፊት የሌላት እታለም፣ ፊት ካለው ግመል ጋር ታተመች። እታለም ስታየው ጠብ ይነሣል ብዬ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ገጹን ገልጣ፣ ይሻላል፣ ማንም እምዬ ናት ብሎ እንዳያለቅስበት አለች። ተማሪዎቼም መጽሐፉ በደረሳቸው በማግስቱ ባዶውን ቦታ በእስክሪብቶ ዓይንና አፍንጫ ሠርተው ሞልተውት አገኘሁ። ለናሆም ይኸን ብነግረው ስንት ቀን የምግብ ፍላጎቱ እንደሚዘጋ ስለማውቅ፣ ልጆቹ በጣም ወደውታል ብዬ ጻፍሁለት።

እኔስ? እኔም ሰው ነኝ። የአባታችንም ፎቶ የጠፋው ከዚያው ሳጥን ጋር ነው። ወንድ ልጅ ደግሞ አባቱን ካልመሰለ ማንን ሊመስል ነው? አንድ ከሰዓት ሰልፉ ሲሳሳ ጠብቄ ሱቁ ገባሁና ዱካው ላይ ተቀመጥሁ። አባታችን በሕይወት ሳለ ይቀመጥ እንደነበረው፣ አንድ እግሬን ወደፊት አድርጌ፣ አገጬን ትንሽ ቀና አድርጌ፣ የሰው ነገር እንደማይገርመው ሰው ሆኜ። አትቸኩዪ አልኋት። አልቸኮለችም። ስትጨርስ አላየሁትም ብል ይሻላል፤ አይቼዋለሁ፤ ግን የራሱን መልክ ማን ለይቶ ያውቃል? አጥፌም እንዳላበላሸው ሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ በቀጥታ ወደ እታለም ሄድሁ።

እታለም ማሽላ ስትለቅም ነበር። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተቀበለችኝና ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወጣች። አቅርባ አየችው፤ አርቃ አየችው። የላይኛውን ግማሽ በመዳፏ ሸፍና የታችኛውን አየች፤ የታችኛውን ሸፍና የላይኛውን አየች። እኔ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ወረቀቱን መለሰችልኝና ወደ ማሽላዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ይኸማ አንተው ነህ» አለችኝ፤ «ምን ያደርግልናል?»